በጥጋብ የሞተ ቲማቲም

ስስታም ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ሁሉም ያወራል። ስስታም ይሰደባል፣ ይታማል፣ ልጆቹ እንኳ ያሙታል። ቸር ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ደፍሮ የተናገረ እስካሁን አልሰማሁም። እንዴትስ ይናገራል? ለመናገር አፉን ሲከፍት ያጎርሱታል። እኔ ግን ዛሬ ተቆጥቻለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ ምግብ አይወርድልኝም፤ ስለዚህ ያለ ስጋት ልናገር ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ፣ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ነው የምውለው። ከዚያ ሆኜ አላፊ አግዳሚው ይታየኛል፣ የጎረቤት ደጃፍ ይታየኛል፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ በአረማመዳቸው አውቃለሁ። ሰው «ብርቄ የማታውቀው ነገር የለም» ይላል። እኔም እስካለፈው መስከረም ድረስ እውነት ይመስለኝ ነበር።

አስቀድሜ ስለ ሰፈሬ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ እንግዳ ማዕድ ላይ ተቀምጦ «በቃኝ» ቢል ምን ማለቱ ነው? ሌላ አገር ጠገብሁ ማለቱ ይሆናል። ሐይቅ ላይ ግን «እስቲ ለምኑኝ» ማለቱ ነው። ደግሞ «በቃኝ» ቢል ይሉኝታ ይዞት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ካለማ አኩርፏል፣ ምን ብለን አስቀየምነው ተብሎ ሽማግሌ ሊፈለግ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆዴን አሞኝ አልበላም ብዬ ነበር። የሚያምሽ ሆድሽ ባዶ ስለሆነ ነው ብለው አፌ ውስጥ የከተቱትን ጉርሻ እስካሁን አልረሳውም። ይህ ሁሉ ሰው ላይ ሲሆን ግዴለም። ሰው ጥርሱን ይገጥማል፤ ሲብስበት ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይሸሻል። ጀሪካን ውስጥ የተተከለ የቲማቲም ችግኝስ ወዴት ይሸሻል?

ችግኙ የሰዓዳ ነው። ሰዓዳ የጎረቤቴ የዘሀራ ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ በቅርቡ ተመለሰች። ሌላው ተመላሽ ወርቅና ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ እሷ ሻንጣዋ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው። ሰፈሩ ሊያይ ተሰበሰበ። ሽቶ መስሏቸው ያሸተቱም ነበሩ፤ እነሱ እስከ ማታ ሲያስነጥሳቸው ዋለ።

የልጅቱ ሐሳብ ግልጽ ነበር። አርዲቦ ሐይቅ ዳር እናቷ የወረሰችው ቁራሽ መሬት አለ፤ እዚያ ቲማቲምና ቃሪያ እያለማች አገሯ ላይ መኖር ትፈልጋለች። በሌላ በኩል ወደ ዓረብ አገር የላካት ደላላ በስልክ አላስቀምጥ ብሏታል። ሌላ ቤት አግኝቼልሻለሁ፣ ቶሎ ወስኚ ይላታል። እሷም በእኔ ፊት ለእናቷ ቁርጡን ነገረቻት። ይህ ችግኝ ከጸደቀልኝ እቀራለሁ፤ ካልጸደቀልኝ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ የምበላው የለኝም፣ እሄዳለሁ አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘሀራ እኔ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ችግኙን ሆነ። እኔን ከዚያ በኋላ ነው፤ ትዝ ካልኋት።

እኔ በረንዳ ላይ የተቀመጠበት ምክንያት የዘሀራ ፍየል ናት። ፍየሏ በቤቱ ውስጥ ትልቅ ክብር አላት፤ እሷ ከምትታሰር ችግኙ ይሰደድ ተባለ። እናም የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሁሉ በረንዳዬ ላይ ተደረደረ። ሰዓዳ የሁሉንም ቂጥ በጋለ ምስማር በሳችው። የገባ ውሃ መውጫ ካላገኘ ሥሩ ይበሰብሳል አለችን። ዘሀራም ለልጄ ሥራ ብላ ከቤቷ አዲስ ሰማያዊ ሳፋ አመጣች፤ ሰዓዳ ምስማሯን ስታነሳ ግን ሳፋውን አቅፋ ቆመች። ኧረ በአላህ፣ ደህና ሳፋ ይበሳል? ሲጨቃጨቁ ውለው በመጨረሻ ሳፋው እንዳለ ሆኖ ቃሪያ ተተከለበት። ሽንፈት የሚጀምረው እንዲህ ካለው ነገር ነው።

ስለ ጠርሙሱም ልንገራችሁ። ውስጡ ያለው እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ ነው። ላዩ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ቲማቲም ተሥሏል፣ ከሥሩ በዓረብኛ ተጽፏል። ዘሀራ በልጅነቷ ቁርአን ቀርታለች፤ ጣቷን እያስኬደች ፊደሉን ጥርት አድርጋ አነበበችው። ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋት። ድምፁን ነው እንጂ የማውቀው፣ የሚለውንስ አላህ ነው የሚያውቀው አለችኝ። ሰዓዳ ደግሞ ዓረብኛ ሲወራ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አልተማረችም። አጠቃቀሙን ያወቀችው እዚያ ሳለች የአሠሪዋን የሰገነት አበቦች እንድታጠጣ ስለታዘዘች ነው።

አንድ ማለዳ ሰዓዳ ማዳበሪያውን ስትሰጥ ዘሀራና እኔ ቆመን አየናት። ጓንት አጠለቀች። ባልዲ ሙሉ ውሃ ላይ በጠርሙሱ ክዳን አንድ ብቻ ጨመረችና አማሰለች። ችግኞቹ ገና ጨቅላ ናቸው፣ ይህም ይበዛባቸዋል ብላ እሱኑ እንደገና በውሃ አቀጠነችው። አስቀድማ አፈሩን በንጹሕ ውሃ አርሳ ነበር፤ ደረቅ አፈር ላይ ከፈሰሰ ሥሩን ያቃጥላል አለች። ከዚያ ቅጠሉን ሳታስነካ፣ ግርጌ ግርጌውን አጠጣች። ካሁን በኋላ ለሁለት ሳምንት ማንም እንዳይሰጣቸው አለች። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ጠርሙሱን ግጥም አድርጋ ከድና ቁም ሳጥኔ አናት ላይ ሰቀለችው።

እኔ ጠንቃቃነቷን ሳደንቅ የዘሀራ ፊት ግን ተለዋውጧል። ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ክዳን! ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ወተት ሻጭ እንዲህ ቢያደርግ ገበያ የሚያስቆመው አለ እንዴ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የለም። እኛ ከተማ ወተት ላይ ውሃ የጨመረ ሰው ስሙ ከእሱ አልፎ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ለዘሀራ ውሃ መቀላቀል ማለት ማጭበርበር ነው፣ ሐራም ነው። ልጇ በአደባባይ፣ ያውም ለምስኪን ችግኝ፣ የቀጠነ ነገር ስትሰጥ ማየቷ አሳፈራት። እኔ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። ሳቅሁ።

ሰዓዳ ኮምቦልቻ የወለደች ጓደኛዋን ልታርስ ሄደች። ስትሄድ አደራዋ አጭር ነበር፤ አፈሩ ሲደርቅ ውሃ ብቻ፣ ማዳበሪያውን ማንም እንዳይነካው። እኔ በግሸን ማርያም ማልሁላት። ዘሀራ ግን «አብሽሪ» ብቻ አለች። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ዘሀራ በሐሰት ወላሂ አትልም፤ አንገቷ ቢቆረጥ አትልም። ሳትምል የቀረችው አስባበት ነው።

እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ የግሸን በዓል ደረሰና ቁልፌን ለዘሀራ ሰጥቼ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ እኔም ዓይኔን እጥልበታለሁ አሉኝ። አሜን ብዬ ሄድሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ ያን አቀበት በእግሬ ስወጣ፣ ከፊቴም ከኋላዬም ያለው ምእመን ልጅ ይለምናል፣ ጤና ይለምናል። እኔ ምን ለመንሁ መሰላችሁ? እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ለቲማቲም ተሳልሁ። ዘሀራም እዚህ በየሰላቷ ዱዓ ታደርግ ነበር። እንግዲህ ችግኙ ከላይ በሁለት ወገን ተጠብቆ ነበር። ያላሰብነው ጭልፋውን ነው።

እግሬን እየጎተትሁ ስመለስ በረንዳዬ ላይ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? የቅጠሉ ዳር ዳር ተቃጥሎ፣ ደርቆ፣ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። አንገቱ ተሰብሯል። አፈሩን በጣቴ ብነካው ርጥብ ነው፤ ርጥብ አፈር ላይ ቆሞ የሚጠወልግ ተክል አይቼ አላውቅም። አፈሩ ላይ ደግሞ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ጋግሯል። ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ የነበረው ቃሪያ በጥቁር ውሃ ተከቦ ተኝቷል። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ዘሀራን ጠራኋት። መጣችና ሳልጠይቃት «አብሽሪ» አለችኝ። አብሽሪ! ምኑ ነው የሚያበሽረኝ?

ተቀምጣ በሰላም ተናዘዘች፤ እንደ ጥፋተኛ ግን አይደለም፣ እንደ ባለውለታ ነው። እኔ በሄድሁ ማግስት ወንበር ላይ ወጥታ ጠርሙሱን አውርዳለች። ከዚያ ንጹሑን፣ ጠብታ ውሃ ሳትቀላቅል፣ በጭልፋ ለእያንዳንዳቸው አድላለች። ለባዕድ እንግዳ የቀጠነ ሰጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ልጄን ከስደት የሚያስቀሩልኝን በቀጠነ ልሸኛቸው እንዴ አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ብትመጣ ጠውልገው ቆዩዋት። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ እናት የሆነች ሴት ጠውልጎ ያየችውን ነገር ምን ሆነ ትላለች? ራበው ነው የምትለው። ራባቸው አለችና ደገመችላቸው። ባሰባቸው። የባሰ ራባቸው አለች። እኔ አቀበቱን ስወጣና ስወርድ የነበረው ጊዜ ሁሉ እሷ እዚህ ስትደግም ነበር።

ጋሽ መኮንን ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ገላጋይ መስለውኝ አቤት አልኋቸው። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እኔም ትንሽ ሰጥቻቸው ነበር አሉ። ዘሀራ ግርጌ ግርጌውን ስትሰጥ አይተው ስህተት መስሏቸዋል። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስነዳ ዘይት ከላይ እንጂ ከታች ሲሞላ አላየሁም አሉ። ስለዚህ ከማዳበሪያው ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ቀድተው፣ ክዳኑን በስተው፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ቅጠሉን ከላይ አዝንበውበታል። ለምን ቀትር ብላቸው፣ ምሳ ሰዓት ነዋ አሉኝ።

የተረፈውንስ የት አደረጉት ብዬ ጠየቅሁ። መስኮትሽ ላይ ብለው አሳዩኝ። ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ፣ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ፣ ከምግብ ዘይቴ አጠገብ! እዚህ ላይ ድምፄ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። እኔ ከግሸን ጠምቶኝ የመጣሁ ሴት ነኝ። ያን ጠርሙስ አንስቼ ብጨልጠው ምን ይባል ነበር? ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ልጅ ቢያነሳውስ? መርዝ የሚሆን ነገር በመጠጥ ዕቃ ይቀመጣል ወይ ብዬ ጮኽሁባቸው። ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው፣ ለደግ ብዬ ነው አሉ።

ለደግ ብዬ ነው! እኔ ይህን ቃል ሕግ ይከልክልልኝ። ክፉ ሰው ሲያጠፋ ቢያንስ ትከስሰዋለህ፤ ለደግ ያለን ሰው ምን ታደርገዋለህ? አጥፍቶብህ ሲያበቃ አንተ ነህ ይቅርታ የምትለው፣ አንተ ነህ የምታጽናናው። እኔም ሳላውቀው ሽማግሌውን ይቀመጡ ብዬ ውሃ አቀረብሁላቸው። ከዚያ ደግሞ ለራሴ ተናደድሁ።

ሰዓዳ በዚያው ሰሞን ተመለሰች። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሳውጠነጥን ቀድማኝ በረንዳው ላይ ቆማለች። እኔ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር፤ እሷ ግን ጓንቷን አጠለቀች። ነጩን ግግር ከአፈሩ ላይ በማንኪያ ጠረገች፣ ጀሪካኖቹን ወደ ጥላ አዞረች፣ በየቀዳዳው ኩልል ብሎ እስኪወርድ ድረስ ንጹሕ ውሃ ደጋግማ አፈሰሰችባቸው። የወረደውን በገንዳ ያዝን። ወደ ሐይቁ በሚሄደው ቦይ ልደፋው ስል ከለከለችኝና በብዙ ውሃ አቅጥና ግቢዬ ጥግ ላለው ዘይቱና ዛፍ ሰጠችው። ሰማያዊውን ሳፋ ብድግ አድርጋ እናቷ ፊት አስቀመጠችው። ከእሱ ውስጥ የሚተርፍ አልነበረም። ቲማቲሙም አብዛኛው አልቋል፤ ዳር ላይ የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ልባቸው ገና አረንጓዴ ነው።

ያኔ ቁጭ አለችና አለቀሰች። የተናገረችውን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ከዚህስ አንዲት ቃል ባልቀንስ ይሻላል። «እማ፣ እዚያ ሁሉ ነገር በልክ ነበር። ዳቦው በልክ፣ ዘይቱ በልክ፣ እንቅልፉ በልክ። ልክ የሚባለውን ነገር ጠልቸ ነው የመጣሁት። እዚያ በልክ ስራብ ኖሬ፣ እዚህ ደግሞ ያለ ልክ ታቃጥሉኝ?»

ዘሀራ ስለ ችግኙ አንድም ነገር አልተናገረችም። ይርብሽ ነበር አለቻት። በስልክ ጠግቤ ነው የማድረው ትይኝ አልነበረም ወይ አለቻት። ሰዓዳ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። እናትየው እጇን ዘርግታ የልጇን ጉንጭ ስትዳብስ ጋሽ መኮንን ወደ መንገዱ ዞሩ። እኔ በዚያች ሰዓት ቁጣዬን የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋብኝ፤ መርፌ ፍለጋ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሃል ነው። ደላላው ነበር። ልጅቱ ቁርጡን ተናግራለች፤ ችግኙም ያው እንደምታዩት ነው። ሰዓዳ ስልኩን እንደያዘች መጀመሪያ የተረፉትን ጥቂት ችግኞች አየች፤ ቀጥሎ እናቷን አየች፤ ቀጥሎ ጋሽ መኮንንን፣ ቀጥሎ እኔን። እንዲህ ባለ ዓይን ታይቼ አላውቅም። ከዚያ ስልኩን አነሳችና አልመጣም አለችው። ሰውየው ለምን ቢላት፣ አስታማሚ ነኝ፣ ችግኝ ታሞብኛል፣ ለእነዚህ ሰዎች ትቼው የትም አልሄድም አለች። ሲድኑስ አላት መሰለኝ፣ በእናቴ አያያዝማ መቼም አይድኑም ብላ ዘጋችው።

ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሁለት እጇ አበሰች። ሰዓዳ ባልዲ ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትሄድ ጠብቃ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ልትጸጸት ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠኋት። ግራ ቀኟን ካየች በኋላ፣ ያ የማዳበሪያው ጠርሙስ ውስጥ የቀረ ይኖር ይሆን አለችኝ።

ጠርሙሱን የት እንደደበቅሁት ለእናንተም አልነግራችሁም።